ጠያቂ ያገኘ ዕውቀት

ከአገር ስንወጣ በሻንጣ የያዝነውን ጉምሩክ ይፈትሸዋል፤ በጭንቅላታችን የያዝነውን ግን የሚጠይቀን የለም። በአገሩ የተከበረ መምህር የነበረ ሰው እዚህ ኧርቪንግ ደርሶ እንግሊዝኛው ካልሰላ፣ ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። ለመሆኑ ዕውቀት ድንበር ሲሻገር ዋጋው ይረክሳልን? መልሱን ከእኛ በፊት በተሰደዱ አንድ የአማራ መነኩሴ ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን።

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ናቸው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ወግነው ስለነበር፣ ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ እሳቸውም ተሰደው በመጨረሻ ሮማ ገቡ። በቫቲካን ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ሳሉ፣ በ1649 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ዕድሜው ከ25 ያልዘለለ ጀርመናዊ መጣ። ወጣቱ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቅሞ ተምሯል፤ መናገሩ ግን አልሆነለትም። አባ ደግሞ ላቲን አያውቁም። መጀመሪያ በአስተርጓሚ ተነጋገሩ፤ በኋላ መግባቢያቸው ግዕዝ ሆነ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ጀርመን አገር አስጠሯቸው። እዚያም ጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ልማድና ቋንቋ ሲጠየቁና ሲመልሱ ቆዩ።

ልብ ይበሉ፤ በዚያን ጊዜ አውሮፓ ስለ አገራችን የሚያነበው አብዛኛው ተረት ነበር። ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ በ1610 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው። ሉዶልፍ ግን ከአባ የሰማውን ሌሎች ከጻፉት ጋር እያመዛዘነ፣ ተረቱን ከእውነቱ ለየ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። የመምህሩንም ስም አልደበቀም።

አባ ጎርጎርዮስ ግን እነዚህን መጻሕፍት ለማየት አልታደሉም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ በእስክንድሮና ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። አስቀድሞ ጠያቂ ባያገኙ ኖሮ፣ ዕውቀታቸውም አብሯቸው በሰጠመ ነበር።

እንግዲህ ዕውቀት በአንድ ራስ ውስጥ ብቻ እስካለ ድረስ ዕድሜው የባለቤቱ ዕድሜ ነው። ሲጠየቅ፣ ሲመዛዘንና ሲጻፍ ግን የሰው ልጅ ሁሉ ንብረት ይሆናል። ዋጋውም በስደት አልረከሰም፤ የጎደለው ጠያቂ ነው። መጠየቅም ራሱ የዕውቀት እኩሌታ እንጂ የአላዋቂነት ምልክት አይደለም።

አንባቢ ሆይ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ወደዚህ ከተማ የመጡ እናቶችና አባቶች በየቤታችን አሉ። ስለ እርሻው፣ ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ዘር ሐረጉ የሚያውቁትን ማን ጠየቃቸው? እርስዎ ይጠይቁ። የነገሩዎትን ከሌላው ጋር ያመሳክሩ፤ ስማቸውን አስቀድመው ይጻፉት። ልጆችዎም ሲጽፉ ይዩዎት።