የኬንያ የልማት ዕቅድ ከሞያሌ ሲታይ

የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ የሰቀለ የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹን አንድ ቀላል ሥራ ሊያሠራቸው ይችላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዲላና በያቤሎ በኩል ሞያሌ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና በክር ያስለካቸው። ከዚያም ያንኑ ክር ከሞያሌ አስነሥቶ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ወደ ናይሮቢ ያዘርጋቸው። ክሩ ናይሮቢን ብዙ አያልፍም፤ ከናይሮቢም ብዙ አይጎድልም። ሁለቱም መንገዶች በግምት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸውና።

እንግዲህ ሞያሌ ከሁለት ዋና ከተሞች እኩል የራቀች ቦታ ናት። በትክክል ለመናገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናቸው። ሰሜናዊቱ የኢትዮጵያ፣ ደቡባዊቱ የኬንያ ናት። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው ዘመዱ ከወዲህም ከወዲያም ነው። በገበያው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ይሰማል፤ ብርና ሽልንግም ጎን ለጎን ይመነዘራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ ደቡባዊቱን፣ ማለትም የኬንያዋን ሞያሌ ነው። የአንድ በማደግ ላይ ያለ አገር የኢኮኖሚ ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ በኩል ሲሆን፣ እኛ ግን የኬንያን ዕቅድ ከጠረፉ በኩል እናነበዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድንበሩ የተሠመረው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በ1902 እና በ1903 በተር የተባለው እንግሊዛዊ የመራው ቡድን አገሩን ዞሮ ካየና ሻምበል ሞድ መሥመሩን ከቀየሰ በኋላ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ዲሴምበር 6 ቀን 1907 የወሰን ውል ተፈረመ። መሥመሩ የተሠመረው አርብቶ አደሩ ከብቱን ከሚያጠጣበት የውኃ ጉድጓድና ከግጦሹ መካከል ነበር። የጋዳዱማ ጉድጓዶች ክርክር ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደ ቆየ ለማወቅ፣ ኢትዮጵያና ነፃይቱ ኬንያ የወሰን ውላቸውን የተፈራረሙት ጁን 9 ቀን 1970 መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። በመካከሉ ጦርነትም አልፎበታል፤ ጣልያን የእንግሊዞችን ሞያሌ በጁላይ 1940 ከብቦ ያዛት፣ በፌብሩዋሪ 1941 ለቀቃት።

ለኢኮኖሚው ታሪክ ከጦርነቱ ይልቅ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ነው። የቅኝ አገዛዙ መንግሥት የኬንያን ሰሜናዊ ጠረፍ ዝግ አገር አድርጎት ኖሯል። ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ክልክል ነበር። በከብት በሽታ ምክንያት ተብሎ የተደነገገው ኳራንቲን ደግሞ የሰሜኑ በሬ ደጋ ወርዶ ከነጭ ሰፋሪዎቹ በሬ ጋር እንዳይወዳደር አጥር ሆነ። በሽታው እውነት ነበር፤ አጥሩ ግን ከበሽታው ይልቅ ረዥም ዕድሜ ኖረ። ነፃነት በ1963 ሲመጣ ሞያሌ የተቀበለችው በዓል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎት ነበር፤ ከሶማሊያ ጋር እንቀላቀል ባዮች ያነሡት የሽፍታ ጦርነት እስከ 1967 ዘልቋልና። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የአስቸኳይ ጊዜው ሕግ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1991 ነው።

በዚህ መካከል፣ በ1965፣ ኬንያ የኢኮኖሚ ፖሊሲዋን የያዘውን ታዋቂ ሰነድ አወጣች። ስሙ «ሴሽናል ፔፐር ቁጥር 10» ይባላል፤ ስለ አፍሪካ ሶሻሊዝምና በኬንያ ዕቅድ ውስጥ ስላለው አፈጻጸም የሚናገር ነው። ዝግጅቱን የመሩት የኢኮኖሚ ዕቅድና ልማት ሚኒስትሩ ቶም ምቦያ ናቸው። ሰነዱ ስለ እኩልነትና ስለ ወንድማማችነት ብዙ መልካም ቃል አለው። ነገር ግን በውስጡ አንድ አጭር ክፍል አለች፤ የሞያሌን ዕጣ የወሰነችው እርሷ ናት። ሐሳቧ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ፈጥኖ እንዲያድግ የልማት ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ ምርት በሚያስገኝበት ቦታ ይዋል፤ ይኸውም ለም መሬትና በቂ ዝናም፣ መንገድና ኃይል ባለበት፣ ሕዝቡም ለልማት በተነሣሣበት። ከዚያ የተገኘው ትርፍ በኋላ ለሌላው ይዳረሳል።

ነገሩን ለተማሪ ስናስረዳ ሰነዱን ክፉ ነው ብለን እንዳንጀምር መጠንቀቅ አለብን። ገንዘቡ ጥቂት፣ ችግሩ ብዙ የሆነበት አዲስ መንግሥት ጥቂቱን ፍሬ በሚሰጥ ማሳ ላይ ቢዘራ አያስነቅፈውም። ስሕተቱ ያለው በሒሳቡ አነሣሥ ላይ ነው። መንገድ ያለው ቦታ መንገድ ይሠራለታል፤ መንገድ የሌለው ደግሞ መንገድ ስለሌለው አይሠራለትም። የከብት ሀብትም በምርት መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ሲሸጥ ብቻ ስለሆነ፣ በኳራንቲን የተዘጋ አገር ከብት በመዝገቡ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ሞያሌ ከዚህ ክብ ውስጥ ሳትወጣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ኖረች።

የሰሜን ኬንያ ሰው ወደ ናይሮቢ ሲሄድ «ወደ ኬንያ እየሄድኩ ነው» ይል እንደ ነበር በሰፊው የታወቀ ነው። ከዚያ የመጣውንም እንግዳ «ኬንያ እንዴት ናት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የመንገዱ ርዝመት ያስተማረው አነጋገር ነው። ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነበር። መንገደኛው ከብት በጫነ መኪና ላይ፣ ከከብቶቹ በላይ በተጋደመው ብረት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይጓዛል። ዝናም ከጣለ ይበልጣል። ሽፍታ ስለሚፈራም መኪኖቹ ተሰባስበው በታጠቀ ጥበቃ ይሄዱ ነበር። ከድንበሩ ወዲህ ግን ከአዲስ አበባ የተነሣው አስፋልት ሞያሌ ከደረሰ ዓመታት አልፈውት ነበር። የኬንያዋ ሞያሌ የኤሌክትሪክ ኃይል ያገኘችውም ከራሷ አገር ዋና መሥመር ሳይሆን ከኢትዮጵያ በኩል ነው። ጎረቤቱ የሰጣትን መብራት የገዛ አገሯ ዕቅድ አላደረሰላትም ነበር።

ከ1980 ጀምሮ ኬንያ ከዓለም ባንክ የመዋቅር ማስተካከያ ብድር መውሰድ ጀመረች፤ በ1986ም የእድገት መታደስን የሚመለከት ሌላ ሰነድ ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ተነሣ፣ ሽልንግም በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። እነዚህ ለናይሮቢና ለሞምባሳ ትልቅ ጉዳዮች ነበሩ። ሞያሌ የተሰማት በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ሽልንግ ያለ ችግር የሚመነዘር ገንዘብ ሆነ፣ ብር ግን አልሆነም።

ይህን ልዩነት የሚያውቅ የከብት ነጋዴ ምን እንዳደረገ ማየት የኢኮኖሚ መጻሕፍት ከሚያስተምሩት የበለጠ ያስተምራል። ኢትዮጵያ ብሯን ከ2.07 ወደ 5 ብር በአንድ ዶላር ያወረደችው በ1992 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ በይፋው ዋጋና በጓሮው ዋጋ መካከል ክፍተት ነበር። በሬውን በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ የላከ ነጋዴ ያገኘውን የውጭ ምንዛሪ በይፋው ዋጋ ለባንክ ማስረከብ ነበረበት። በሬውን በሌሊት በጫካ በኩል አሳልፎ በሽልንግ የሸጠ ግን በሽልንጉ ልብስ፣ ሳሙና፣ የምግብ ዘይትና የቤት ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል፤ ሸቀጡንም በብር ሲሸጥ ክፍተቱን ሁሉ ለራሱ ያስቀራል። ስለዚህ ነጋዴው ከብቱን የሸጠው ሸቀጥ ለመግዛት ነበር ማለት ይቻላል። ኮንትሮባንድ እያልን የምንጠራው ነገር ከመጥፎ ጠባይ ብቻ የሚወለድ አይደለም፤ ከሁለት የገንዘብ ሕጎች መለያየትም ይወለዳል። ኢትዮጵያ ከጁላይ 29 ቀን 2024 ጀምሮ የብርን ዋጋ ገበያ እንዲወስነው ማድረጓ በሞያሌ ከማንኛውም የጠረፍ ዘመቻ የበለጠ ትርጉም ያለው እርምጃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኬንያው ዕቅድ እንመለስ። በ2008 «ራዕይ 2030» የተባለው የረዥም ጊዜ ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የሰሜን ኬንያንና የሌሎች ደረቅ አካባቢዎችን ልማት የሚከታተል ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ካለፈው ጊዜ አገራዊ ገቢ ከመቶ 15 የማያንስ ለካውንቲዎች እንዲደርስ አዘዘ፤ ወደ ኋላ ለቀሩት አካባቢዎችም ከመቶ ግማሽ የሚሆን የማካካሻ ፈንድ መደበ። ካውንቲዎቹ በ2013 ሥራ ጀመሩ። የ1965ቱ አጭር ክፍል በሕግ ተገለበጠች ማለት ነው።

ሒሳቡን የለወጠው ምንድን ነው? ርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም። ከኢሲዮሎ ወደ ሰሜን የሚሠራ መንገድ ማርሳቢት ላይ የሚያበቃ ከሆነ በናይሮቢ ሚዛን ላይ ዛሬም ይቀላል። አዲስ አበባ የሚደርስ ከሆነ ግን ሌላ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በመንገዱ ጫፍ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው፣ ባሕር የሌለው፣ ዕቃውን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ብቻ የሚያስገባ አገር አለና። የላሙን ወደብ ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው የላፕሴት ዕቅድ በማርች 2012 በላሙ ሲጀመር ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በአንድነት የተገኙት በዚህ ሐሳብ ነው። ትብብሩ ከልማቱ በኋላ የመጣ ጌጥ አልነበረም፤ ልማቱን በወረቀት ላይ አዋጪ ያደረገው እርሱ ራሱ ነው።

መንገዱም በብዙ እጅ ተሠራ። የአፍሪካ ልማት ባንክ በኢሲዮሎና በሞያሌ መካከል ላለው ብዙው ክፍል፣ ከድንበሩ ወዲህም ላለው መሥመር አበደረ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከመሪሌ ወንዝ ወደ ማርሳቢት ባለው ክፍል ገንዘብ ጨመረ፤ ተቋራጮች ቆፍረው አነጠፉ። በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኬንያው አስፋልት ሞያሌ ገባ። ከናይሮቢ ማታ የተነሣ አውቶቡስ በማግሥቱ ጧት ሞያሌ መድረስ ቻለ። ዲሴምበር 9 ቀን 2020 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የአንድ ማዕከል የድንበር ኬላውን መረቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀድሞ መንገደኛው በወጣበትም በገባበትም ኬላ ሁለት ጊዜ ይቆም የነበረው፣ አሁን የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በሚገባበት በኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ ይመረምሩታል። የኤሌክትሪኩ ታሪክም አድጓል፤ በ2022 ከወላይታ ሶዶ እስከ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መሥመር ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ።

ከዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ የምረቃ ንግግር ይወጣዋል። ነገር ግን ያው የ2010 ሕገ መንግሥት ለጠረፉ ገንዘብ ሲያመጣ ለጠረፉ ጥልም አምጥቷል። የካውንቲው ሥልጣን በጀት የያዘ ሥልጣን በመሆኑ፣ የጎሳ ፉክክሩ ከቀድሞው ከረረ፤ በዲሴምበር 2013 በኬንያዋ ሞያሌ በተነሣ ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፤ ብዙውም ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል ተጠጋ። በማርች 2018 ደግሞ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች በተኮሱት ጥይት ሲቪሎች በመገደላቸው 10,000 ያህል ሰው ወደ ኬንያ ሸሸ። ሁለቱንም ጊዜ ስደተኛውን መጀመሪያ የተቀበለው ማዶ ያለው ዘመድ ነው። መንግሥታት ስለ ቀጠናዊ ትብብር ከመፈራረማቸው በፊት ይህ ትብብር በሞያሌ ነበር፤ ያለ ማኅተም ይሠራል።

ሁለተኛው ነገር የትንሿ ነጋዴ ጉዳይ ነው። ኬላው የተሠራው ለከባድ መኪና ነው፤ ሰነድ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ላለው። ከኢትዮጵያ በኩል ግማሽ ኩንታል ቦለቄ በጀርባዋ አዝላ የምትሻገር ሴት ግን አስተላላፊ የላትም። ቦለቄው በናይሮቢ ገበያ ተፈላጊ ነው፤ እርሷ ከዚያ የምታገኘው የዕለት ወጪዋን ነው። በትልቁ በር ከገባች ወረፋውና ወረቀቱ ቀኗን ይበላዋል፤ በጎን ባለው የእግር መንገድ ከሄደች ግን ዕቃዋ ኮንትሮባንድ ይባላል፣ ሊወረስባትም ይችላል። በስዋሂሊ እንዲህ ያለውን መንገድ የአይጥ መንገድ ይሉታል።

ሦስተኛም አለ። ቀድሞ ከሩቅ የመጣው መኪና ሁሉ ሞያሌ ላይ ያድር ነበር፤ ሾፌሩ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጎማ ያስለጥፋል። አስፋልቱ ሲመጣና ፍተሻው ሲያጥር ማደሩ ይቀራል። ከብቱም እንዲሁ ነው፤ በሞያሌ ገበያ ተሸጦ በሞያሌ መኪና መጫኑ ቀርቶ ከያቤሎ ወይም ከሜጋ ተጭኖ በቀጥታ ወደ ናይሮቢ መውረድ ይቻለዋል። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል መንገድ የለም ተብሎ የተረሳች ከተማ መንገድ ስለ መጣ ብቻ እንዳትታለፍ፣ የካውንቲው ሹሞች የከብት ገበያውን፣ ማረፊያውንና የእንስሳት ሐኪሙን እዚያው ለማቆየት መጣር አለባቸው። አስፋልቱ እንደ ደረሰ የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ሲገቡ ከተማዋ በደስታ ወጥታ ተቀብላቸው ይሆናል፤ የጎማ ለጣፊው ልጅ ግን በዚያ ቀን በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚቆጥረው የሚቆሙትን መኪኖች ነው።