ለብዙ ጆሮ የተነበበ ፍቅር

የታሪክ ፍቅር ልብ ወለድ፣ ማለትም ባለፈ ዘመን ጦርነትና ሹም ሽር መካከል የተዋደዱ ሰዎችን ዕጣ የሚተርክ ድርሰት፣ በአማርኛ የተስፋፋው ማተሚያ ከገባ በኋላ ነው። ለመጽናናት ሲባል ትረካ የመስማት ልማድ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። በግዕዝ የተጻፈው ዜና እስክንድር የታላቁን እስክንድር ዘመቻ ከተአምርና ከጥበብ ጋር አዋሕዶ ይተርካል፤ የቅዱሳንን ሕይወት የሚያወሱት ገድላትና ተአምረ ማርያምም ፊደል የቆጠረው አንዱ ሲያነብ ሌላው በጽሞና እያዳመጠ ዘመናትን የተሻገሩ ናቸው። የአማርኛ የመዝናኛ ንባብ ታሪክ ይህንን የጆሮ ልማድ ሳያነሡ ሊጻፍ አይችልም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀውና በተለምዶ «ጦቢያ» የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። የጦር አዛዥ አባት በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ወንድ ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ወጥቶ በባርነት ይሸጣል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መከራው ሁሉ በሠርግ ይቋጫል። የአማርኛ ልብ ወለድ የተወለደው በዚሁ ዓይነት፣ ማለትም አንባቢውን አስጨንቆ በመጨረሻ በሚያሳርፍ የፍቅርና የጦርነት ትረካ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል፤ ይህን ወገን ቀላል ንባብ ብሎ ወደ ጎን መግፋት የራስን ሥነ ጽሑፍ መነሻ መግፋት ነውና።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንጻሩ ሠርግ አይሰጥም። የቆሎ ተማሪው በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል በዘመነ መሳፍንት ልማድ በተያዘች ጎጃም ውስጥ ተዋደው፣ የዘር ክብር የሚሉት ነገር ለያይቷቸው ይቀራሉ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገዝቶ የማንበብ አቅም ያልነበረው ሁሉ ሰማው፤ በዚህም አሮጌው ልማድ በአዲስ መሣሪያ ተመለሰ። መጽናኛ የሚገኘው የግድ ከመልካም ፍጻሜ እንዳልሆነም ይኸው መጽሐፍ ያስረዳል፤ ሐዘንን ከሌሎች ጋር አብሮ ማልቀስ ራሱ ዕረፍት ይሰጣልና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በደርግ ዘመን፣ በማዕከላዊ እስር ቤት የሆነው ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነውና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ.) ዘመን የሚካሄደው ልብ ወለድ እስረኛው ነቢይ መኮንን እጅ ገባ። እርሱም ወረቀት በሌለበት፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብልጭልጭ ወረቀት ላይ፣ ወደ 3,000 በሚጠጉ ቁራጮች፣ ፊደሉን እያሳነሰ ወደ አማርኛ መለሰው፤ አብረውት ለታሰሩትም ያነብላቸው ነበር። የተፈቱ ሰዎች ቁራጮቹን በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ደብቀው አወጧቸው። ተርጓሚው ከተፈታ በኋላ የተበተነው ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ለንባብ በቃ።

መጽሐፉ ነቀፌታ አያጣውም፤ የባሪያ አሳዳሪዎችን ኑሮ አሳምሮ፣ የጥቁሮችን ሕይወት ደግሞ በነጭ ዓይን አይቶ ያቀርባልና፣ በዚህ ረገድ ሊመሰገን አይገባውም። እስረኞቹ የያዙት ግን ሌላውን ገጽታ ነበር ማለት ይቻላል፦ አብዮት ያሰራቸው ሰዎች ቤቷ ተዘርፎ፣ አገሯ ተሸንፎ፣ ርሃብ ደጇ ደርሶ እንኳ እጅ የማትሰጥ ሴት ታሪክ ሲሰሙ፣ ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ መሆኑ ይበልጥ ይጠቅማቸው ነበር፤ ስለ ራሳቸው ጦርነት፣ ስለ ራሳቸው ሽንፈት በግልጽ መነጋገር በማይቻልበት ክፍል ውስጥ ስለ አሜሪካዋ ጆርጂያ ጦርነት ማውራት አልተከለከለምና።