ለፍርድ ያልቀረበው ፋሺዝም

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከሮም በስተምሥራቅ በምትገኝ አፊሌ በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀ። «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተቀርጸውበታል። ሰውየው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን በጥይት፣ በአካፋና በእሳት ስትፈጅ የበላይ ገዢ የነበረው፣ በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲረሸኑ ያዘዘው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አፊሌ ላይ ግን የወጋው ወገን መርሳቱ አልበቃ ብሎት ወጊውን አከበረ። ይህን ለመቃወም በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊሰለፉ የወጡ ዜጎች በገዛ አገራቸው ፖሊስ መታፈሳቸው ሌላው ሐዘን ነው።

ብዙዎች ነገሩን እንደ አንድ መንደር ሹማምንት ድፍረት ቆጥረው አለፉት። እኔ ግን ዛሬ አውሮፓን የሚያስጨንቀው የቀኝ አክራሪነት እንዴት እንደሚያንሰራራ ለመረዳት ከአፊሌ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ታሪኩን ከመነሻው እንየው፤ ሙሶሊኒ የፋሺስት ንቅናቄውን የመሠረተው በመጋቢት 1919 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ምርጫ አንድም መቀመጫ አላገኘም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ታሪኩ ሲነሣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ተከታዮቹ ዱላ ይታወሳል፤ በር የከፈቱላቸው የተከበሩ ሰዎች ግን ይዘነጋሉ። የፖ ሸለቆ ባለመሬቶች የገበሬና የሠራተኛ ማኅበራትን እንዲያፈርሱላቸው ገንዘብ ሰጧቸው። አንጋፋው ፖለቲከኛ ጆቫኒ ጆሊቲ በ1921 እ.ኤ.አ. ምርጫ ከራሱ ጎን አሰልፎ ምክር ቤት አስገባቸው፤ ሥልጣን ሲቀምሱ ይለዝባሉ ብሎ ነበር። በጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ሲተሙም ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ጦሩ እንዲበትናቸው የሚያዘውን አዋጅ አልፈርምም አለ፤ መንግሥቱንም አስረከባቸው።

ቀጥሎ የዐድዋን ቂም አነሡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦራቸው መረብን ተሻገረ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ይወርድብን ጀመር።

የዘር ሕጋቸውን ነገር ግን ቶሎ ልናልፈው አይገባም። ጣሊያን አይሁድ ዜጎቿን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ያባረረችበትን የ1938 እ.ኤ.አ. ሕግ ዓለም ያውቀዋል። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ.፣ ከቅኝ ተገዢዋ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚያዝ አዋጅ ወጥቶ ነበር። የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ፋሺዝም ሰውን በደሙ ለይቶ በሕግ መቅጣትን የተለማመደው በእኛ ላይ ነው። ሮም ውስጥ ያን ጊዜ ዝም ያለው ሕዝብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱ ሲባረር የሚናገርበት አፍ አልነበረውም።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ የወራሪው ጦር አዛዥ የነበረውን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ሰዎች በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አመለከተች። እንግሊዝ አልደገፈችም፤ ባዶሊዮ በ1943 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ተለይቶ እጁን የሰጠው መንግሥት መሪ ነበርና። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እስራት ሲፈረድበት ክሱ ከናዚዎች ጋር መተባበሩ ነበር። ስለ ደብረ ሊባኖስ የጠየቀው የለም። በወራት ውስጥ ተፈታ፤ የሙሶሊኒ ተከታዮች በ1946 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የጣሊያን ማኅበራዊ ንቅናቄም የክብር ፕሬዚዳንቱ አደረገው። ሕገ መንግሥቱ ፋሺስት ፓርቲ ዳግም እንዳይቋቋም ከልክሎ ሳለ፣ ንቅናቄው በ1948 እ.ኤ.አ. ተወዳድሮ ምክር ቤት ገብቶ ነበር።

እንዲህ ያለ አገር ልጆቹን ምን ያስተምራል? አባቶቻችን መንገድ ሠሩ፣ ደግ ቅኝ ገዢዎች ነበሩ ብሎ አስተማረ። የታሪክ ምሁሩ አንጀሎ ዴል ቦካ ማስረጃ ይዞ ሲጽፍ ስድብና ክስ ወረደበት። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋዝ መጣሉን ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ቤርሉስኮኒ የንቅናቄውን ወራሾች ከመንግሥቱ ቀላቀላቸው፤ የጆሊቲ በር እንደገና ተከፈተ። የአፊሌው መታሰቢያ በተመረቀ በአራተኛው ወር «የጣሊያን ወንድሞች» የተባለው ፓርቲ ተመሠረተ፤ ኋላም የጥንቱን ንቅናቄ ባለሦስት ቀለም ነበልባል በአርማው ላይ አኖረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለት በመቶ ገደማ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ በ2022 እ.ኤ.አ. 26 በመቶ አግኝቶ መንግሥት መሠረተ። ለዓመታት ያላደገ ደመወዝ፣ የስደተኞች ጉዳይና ሌሎቹ ትልልቅ ፓርቲዎች በአንድ ጥምር መንግሥት ውስጥ መታጨቃቸው ረድተውታል። የፓርቲው መሪ ጆርጂያ ሜሎኒ ሙሶሊኒ ናቸው ማለት ሐሰት ነው፤ በምርጫ መጥተዋል፣ የ1938ቱን ሕግም በምክር ቤት ፊት የጣሊያን ታሪክ ዝቅተኛው ደረጃ ብለውታል። ቃላቸው መልካም ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የ1937ቱ የት ገባ? በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. ማቼራታ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው መኪናውን እየነዳ ስድስት አፍሪካውያንን በጥይት ሲያቆስል፣ ከዚያም ባንዲራ ለብሶ የፋሺስት ሰላምታ ሲሰጥ፣ የተጠቀመበት ጥላቻ በዚሁ ባልተነገረው ታሪክ ውስጥ ተጠብቆ የኖረው ነው።

ጣሊያን የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁ የዚያ አገር ተማሪዎች ናቸው። የካቲት 12 ሲደርስ መምህሮቻቸው ስለ አዲስ አበባና ስለ ደብረ ሊባኖስ እንዲያስተምሩ ጠይቁ። የመምረጥ መብት ያላችሁ ደግሞ ዕለቱን በሕግ የመታሰቢያ ቀን እንዲያደርጉት ለምክር ቤት ተወካዮቻችሁ ጻፉላቸው።