የበጉ ፀጉርና የስድስተኛ ክፍል ፈተና

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ አብዛኛውን ደጋ ለደጋ ይሄዳል። ግራ ቀኙ የገብስ ማሳና የበግ ግጦሽ ነው። ከደጋው ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርድ ያያል። በዚህ አገር የሚያድግ የሰባት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ብዙ ያውቃል፦ ውርጭ የትኛውን ማሳ እንደሚመታ፣ በልግ ሲቀር ከጎተራው ምን እንደሚጎድል፣ የትኛዋ በግ ልትወልድ እንደ ደረሰች። የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጁ ይዞት የመጣው እውቀት ክፍል ውስጥ ይገባል ወይስ በር ላይ ይቀራል?

በሕግ ደረጃ መግቢያው አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱን ዝግጅትም ለክልሎች ሰጥቷል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተፈጥሮና የማኅበረሰብ ጉዳዮችን አንድ ላይ የሚያስተምረው አካባቢ ሳይንስ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም እርከኑን ወደ 6፣ 2፣ 4 መልሶ፣ ለግብረ ገብና ለአገር በቀል እውቀት ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር የሚዘጋጀው መጽሐፍ ለመተማ ቆላም ለወሎው ቦረና ደጋም ያው አንዱ ነው። ልጆች በአካባቢያቸው ያሉትን እንስሳት እንዲዘረዝሩ ከመጠየቅ አልፎ ስለ እያንዳንዱ ቀበሌ ሊናገር አይችልም። የቀረውን የሚሞላው መምህሩ ነው።

ለመካነ ሰላም መምህር የሚሞላው ነገር ሞልቶታል። ደንቆሮ ጫካ፣ በዛሬ ስሙ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ የሚገኘው እዚሁ ነው። በዚያ ጭላዳ አለ፤ በዓለም ካሉት የዝንጀሮ ዘሮች ሁሉ በዋናነት ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፣ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች ውጭም አይገኝም። ቀይ ቀበሮም አለ፤ በመላ አገሪቱ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። ሣሩን አይጥ ትበላዋለች፣ አይጧን ቀበሮ ይበላታል። ይህን የምግብ ሰንሰለት ለማስተማር የአንበሳና የሜዳ አህያ ሥዕል ከሌላ ቦታ ማምጣት አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ለቀይ ቀበሮ ከባድ ከሆኑት አደጋዎች አንዱ ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከውሻው ጋር በግ የሚጠብቀው ተማሪ እንግዲህ የትምህርቱ ተመልካች ሳይሆን ባለጉዳይ ነው። ውሻ ማስከተብ ለምን እንደሚያስፈልግ በሚገባ የተረዳ የአራተኛ ክፍል ልጅ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር አለው።

ሁለተኛው ምሳሌ የበግ ፀጉር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 በቺካጎ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በዚያ ልጆች ያልተፈተለ የበግ ፀጉርና ጥጥ በእጃቸው ይዘው ያነጻጽሩ እንደነበር ጽፏል። ጥጡን ከፍሬው ሲፈለቅቁ ግማሽ ሰዓት ደክመው ያገኙት ከአንድ አውንስ ማለትም ከ28 ግራም ያነሰ ነበር። የመፈልቀቂያ መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊት ሰዎች ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ለምን ይለብሱ እንደነበር ከመምህሩ ሳይሰሙ ራሳቸው ደረሱበት። የቺካጎው ትምህርት ቤት ፀጉሩን ፈልጎ ማምጣት ነበረበት። በወሎ ደጋ ግን ፀጉሩ የሚሸለተው፣ የሚፈተለው፣ ባና ሆኖ የሚሸመነው በልጆቹ ዓይን ፊት ነው። የቃጫውን ርዝመት መለካት ሒሳብ ነው፤ ፀጉሩ ሙቀት የሚይዝበትን ምክንያት መመርመር ሳይንስ፤ ሸማኔውን ጠይቆ የነገረውን መጻፍ ደግሞ አማርኛ። አንድ ርዕስ ሦስት ትምህርት ያገናኛል። ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር መዋጮ ለመደመርና ለማካፈል፣ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች የእርቅ ሥርዓት ለግብረ ገብ፣ ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ለጥበባት ትምህርት እንደዚሁ ቅርብ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ታሪክ የሚያስጠነቅቀው ነገር አለ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለገጠሩ ሕዝብ ከኑሮው ጋር የተገናኘ፣ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ወላጆችና መምህራን ነገሩን የተረዱት በሌላ መንገድ ነው፤ የገበሬ ልጅ እዚያው ገበሬ ሆኖ እንዲቀር የሚዘጋ በር አድርገው አዩት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ሐሳቡን ለመተው ተገደደ። ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው። ስለ ገብስና ስለ በግ ብቻ ተምሮ የሚቀር ልጅ ተበድሏል። ስለዚህ የአካባቢ ይዘት ዋጋ የሚኖረው ደሴና አዲስ አበባ ያለው ልጅ ወደሚደርስበት ያው እውቀት፣ ወደ ስድስተኛ ክፍል ፈተናም ሲያደርስ ነው። ባናውን የለካው ልጅ ሴንቲሜትርንና ክፍልፋይን ከማንም እኩል ማወቅ አለበት።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ማንበብ አለ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከክፍል ማስቀረቱ ግን የተገኘውን ሁሉ አደጋ ላይ ጥሏል። ሁለት ዓመት ከደብተር ርቆ የተመለሰ ልጅ የሚያውቀውን ነገር በሚያውቀው ቃል ሲያነብ ቶሎ ይያያዝለታል። ስለ ጭላዳና ስለ ውርጭ የተጻፈ አንድ ገጽ ለእሱ ጌጥ አይደለም፤ ንባብን መልሶ የሚይዝበት እጀታ ነው።

መምህራን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚጠይቀው ምዕራፉ የት ደረሰ ብሎ ነው። በዚህ ሁኔታ መጽሐፉን መሸፈን ራሱ ግብ ይሆናል። አንድ መምህር ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። በጉድኝት ማዕከል የተሰባሰቡ የአምስት ወይም የስድስት ትምህርት ቤቶች መምህራን ግን ዓመታዊ ዕቅዳቸውን ሲያወጡ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ክፍለ ጊዜ ለአካባቢው ጉዳይ ሊመድቡ ይችላሉ፤ ርዕሱንም ከወቅቱ ጋር፣ ገብሱን ከአጨዳው፣ ፀጉሩን ከሽለታው ጋር ሊያገጣጥሙት ይችላሉ። ተማሪዎቹ የሚያነቧቸው አጫጭር ጽሑፎችም ያስፈልጋሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዕጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ይልካል። ሁለቱ ተባብረው ስለ ደንቆሮ፣ ስለ ባና ሥራና ስለ ዓባይ ሸለቆ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል የሚሆኑ ጥቂት ቀጫጭን የንባብ መጻሕፍት ቢያዘጋጁ፣ ሥራው ከማባዣ ማሽንና ከአንድ ክረምት ትጋት የበለጠ አይጠይቅም።