አርብቶ አደሩን የመቁጠር ዘዴ ታሪክ

የሕዝብ ቆጠራም ሆነ የናሙና ጥናት የሚጀምረው ከቤት ነው። አገሩ በቆጠራ ቦታ ይከፋፈላል፣ በየቦታው ያሉ ቤቶች ይመዘገባሉ፣ ቆጣሪው በር እያንኳኳ ይጠይቃል። ይህ አሠራር ለደጋው ገበሬና ለከተሜው ይስማማል። አፋሩ ዳቦይታ፣ ሶማሌው አቃል የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ቤቱን ነቅሎ በግመል ጭኖ ሣርና ውሃ ወዳለበት ሲሄድ ግን የተመዘገበው ቤት በቦታው አይገኝም። አርብቶ አደሩ ግን የጠፋ ሰው አይደለም። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ በዳጉ ስለ ሰው፣ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ወሬ ስለሚለዋወጡ ማን የት እንደሰፈረ በሰፊው ይታወቃል። ጉድለቱ ቤትን መነሻ ያደረገው ዘዴ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲጀመር ጦርነት ካለባቸውና መንገድ ከማይደርስባቸው አካባቢዎች ብዙዎቹ ሳይቆጠሩ ቀርተው ቁጥራቸው በግምት ተሞላ። ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ሲካሄድ አፋርና ሶማሌ ክልሎች ለብቻቸው በኋላ ተቆጠሩ። ሦስተኛውም ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲጀመር የሁለቱ ክልሎች ቆጠራ እስከ ህዳር 2000 ዓ.ም. ቆየ።

በአፍሪካ የቆጠራ ባለሙያዎች ከሞከሯቸው መንገዶች አንዱ በጎሳ መሪዎች በኩል ስም ዝርዝር መያዝ ነው። ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም ቁጥሩ ከግብር፣ ከእርዳታ ወይም ከምክር ቤት መቀመጫ ጋር ሲያያዝ ዝርዝሩ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ሌላው በዝቅታ ከሚበር አውሮፕላን ከብቱንና ጎጆውን መቁጠር ነው፤ ጎጆ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ግን ከሰማይ አይታይም።

ከሁሉ በላይ ተስፋ የተጣለበት የውሃ ዳር ቆጠራ ነበር። በበጋ ኩሬው ሲደርቅ መንጋው ሁሉ ወደማይነጥፈው ውሃ ስለሚሰበሰብ ቆጣሪው እየተከተለ ከመሮጥ እዚያው ይጠብቃል። ቦረና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቱላ በሚባሉት የውሃ ጉድጓዶች የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ አባ ሄሬጋ ተራ ያስይዛል፤ ስለዚህ ከማንኛውም የቢሮ መዝገብ የተሻለ የቤተሰብ ዝርዝር በእርሱ አእምሮ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ውሃ የሚያጠጣው ጎልማሳና ወጣት ነው፤ አዛውንት፣ ሕፃንና አራስ ሰፈር ይቀራሉ። የቦረና ቤተሰብ መንጋውንም ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞች ወራ ተብለው ከቤት አቅራቢያ ይውላሉ፣ ቀሪው ከብት ፎራ ተብሎ ከወጣቶች ጋር ሩቅ ይሄዳል። አንዱ ቤተሰብ በሁለት ውሃ ዳር ሁለት ጊዜ ሊቆጠር፣ የፎራው ልጅ ደግሞ ጨርሶ ሊዘለል ይችላል።

የቆጠራው ውጤት ምን ያህል እንደሚያከራክር ኬንያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 በተካሄደው ቆጠራ የሰሜኑ አርብቶ አደር አካባቢ ቁጥር ከተጠበቀው እጅግ በልጦ በመገኘቱ መንግሥት በቀጣዩ ዓመት የስምንት ወረዳዎችን ውጤት ሰረዘ።

ቤትን ሙሉ በሙሉ የተወው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፋር ክልል ተካሄደ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በካርታ ላይ በዕጣ ነጥቦች አወጡ፤ በየነጥቡ ዙሪያ ክብ ተሰመረ፤ ቆጣሪዎቹ በጂፒኤስ እየተመሩ በክቡ ውስጥ ያገኙትን ከብት ያለው ቤተሰብ ሁሉ ጠየቁ። ክልሉ አርብቶ አደር ሊገኝበት በሚችልበት መጠን ተከፍሎ ነበር። ከትልልቅ ወንዞችና ረግረጎች ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በራቀው ሰው አልባ ሊሆን በሚችል ስፍራ የክቡ ሬዲየስ 5 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ ከተማ አካባቢ ግን በጣም ጠባብ ነበር። ዘዴው ቋሚ መጠለያ የሌላቸውን፣ ቤት ቆጥሮ የሚነሳው ጥናት የማያገኛቸውን ቤተሰቦች ማግኘት ቻለ። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ብዙ ክቦች ባዶ ሆነው ተገኙ፤ ሙቀቱና አቀበቱ ቆጣሪው ክቡን ሙሉ በሙሉ እንዳያዳርስ አደረገ። ስለዚህ ቆጣሪው በጂፒኤስ ከተመዘገበው መንገዱ ላይ ሆኖ የትኛውን መሬት ማየት ይችል እንደነበር በኋላ በካርታ ማጣራት የዘዴው አካል ሆነ።