በደራሲ ስም የተጠራው ማደሪያ

የደራሲ ስም በመንገድ፣ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ ላይ ተጽፎ ማየት ለምደናል። ኖርዌያውያን ግን በ1970ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የደራሲዎቻቸውን ስም በሰሜን ባሕር ላይ ለሚንሳፈፉ የብረት መድረኮች ሰጡ። አንደኛው «ሄንሪክ ኢብሰን» ተባለ። ሌላው የስታቫንገር ተወላጅ የሆነውን የልቦለድ ደራሲ የአሌክሳንደር ኪየላንድን ስም ወረሰ። ወደዚህኛው መድረክ ታሪክ የሳበኝ ይኸው ስሙ ነው።

መድረኩ በፈረንሳይ ወደብ በደንከርክ ተሠርቶ በ1976 ለባለቤቶቹ ሲሰጥ፣ የታሰበለት ሥራ የባሕርን ወለል እየቆፈረ ነዳጅ መፈለግ ነበር። በአምስት ግዙፍ አምዶች ላይ ቆሟል፤ አምዶቹንም ወፍራም ቧንቧዎች እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ይሁንና አንድም ጉድጓድ ሳይቆፍር ማደሪያ ሆነ። በኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ ሠራተኛው በዝቶ መኝታ ጠቦ ነበርና። ለ80 ሰው የታቀደው አልጋ፣ በላዩ ላይ የመኝታ ክፍሎች እየተደረቡ 348 ደረሰ።

የማደሪያ ሥራ በታሪክ መዝገብ ብዙ አይጻፍለትም። ጉድጓድ የቆፈረ ይቆጠርለታል፤ እንጀራ የጋገረና አልጋ ያነጠፈ ግን ማን ይቆጥርለታል? የባሕር ላይ ሠራተኛ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ በነፋስና በብረት መካከል ቆይቶ ሲመለስ ትኩስ ምግብ፣ ደረቅ ልብስና ጸጥ ያለ መኝታ ካላገኘ በማግሥቱ የሚወጣ ነዳጅ የለም። ኪየላንድ ይህን ሲያደርግ ከረመ። «ኤዳ» ከተባለው የማምረቻ መድረክ አጠገብ መልሕቁን ጥሎ፣ በመካከላቸው የብረት ድልድይ ተዘረጋ። ሰዎቹ ጧት በድልድዩ ተሻግረው ወደ ሥራ፣ ማታም ተሻግረው ወደ «ቤት» ይመለሱ ነበር። ማዕበል ሲበረታ ድልድዩ ይነሣል፤ ማደሪያውም መልሕቆቹን እየሳበና እየለቀቀ ከኤዳ ራቅ ይላል።

መጋቢት 27 ቀን 1980፣ ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የሆነው እንዲሁ ነበር። ድልድዩ ተነሥቷል። ከሥራ የወጡት ሰዎች ገሚሱ በመመገቢያው፣ ገሚሱ ፊልም በሚታይበት አዳራሽ ተቀምጠዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የተሰማውን ጓጓታ ብዙዎች የማዕበል ምት መስሏቸው ነበር። ከአምስቱ አምዶች አንዱ ተገንጥሎ ሄዶ ኖሯል። መድረኩ በአንድ ጎኑ ተጋደመ፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል እንዲያ ሆኖ ቆየና ተገለበጠ። የሕይወት አድን ጀልባ አልጠፋም፤ እያንዳንዳቸው ለ50 ሰው የሚበቁ ሰባት ነበሩ። ነገር ግን መንጠቆዎቻቸው የጀልባው ክብደት በገመዱ ላይ እንዳለ እንዲላቀቁ ሆነው አልተሠሩምና ወደ ውኃ ከወረዱት አራቱ ውስጥ በወጉ የተላቀቀው አንድ ብቻ ነው። በመድረኩ ላይ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ።

ምርመራው ያገኘውን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የነገሩ ትንሽነት ነው። ከማያያዣ ቧንቧዎቹ በአንዱ ላይ የሃይድሮፎን መያዣ ተበይዶ ነበር። ሃይድሮፎን በውኃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው፤ መድረኩ በሚቆፍርበት ጊዜ ከጉድጓዱ በላይ ቦታውን እንዲጠብቅ ይረዳዋል። ቆፍሮ ለማያውቅ መድረክ የቁፋሮ መሣሪያ! የብየዳው ውፍረት 6 ሚሊሜትር ነበር። ከዚያ ብየዳ የተነሣው ስንጥቅ በማዕበሉ ምልልስ ብረቱን እያዛለ ቧንቧውን ዙሪያውን በላው፤ እሱ ሲበጠስ አምዱን የያዙት ሌሎቹም ሸክሙ በዛባቸውና ተከታትለው ተበጠሱ። በስንጥቁ ውስጥም ቀለም ተገኘ። ስንጥቁ ባሕር ከማየቱ በፊት፣ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ሲያሳርፍ፣ እዚያው ነበር ማለት ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ለዓመታት ሲተኙ፣ ሲበሉ፣ ካርታ ሲጫወቱ እሱም ከእነርሱ ጋር ያድር ነበር።

ደራሲው ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር ማለት ከንቱ ጥያቄ ነው፤ በ1906 ሞቷል። ነገር ግን የስታቫንገርን ነጋዴዎችና መርከበኞች የሳለበት «ጋርማን እና ወርሰ» የታተመው በ1880፣ ልክ ከአደጋው መቶ ዓመት በፊት ነው። በማግሥቱ ዓመት «ሠራተኞች» የተባለ ልቦለድ አወጣ። ብዕሩ ሹማምንትንና ካህናትን የማይምር ስለነበረ፣ በ1885 የአገሩ ፓርላማ ለደራሲዎች የሚሰጠውን አበል ከለከለው። ይህን ሰው ለመታሰቢያነት የመረጡ ባለሀብቶች መጻሕፍቱን ምን ያህል እንዳነበቧቸው እጠራጠራለሁ።

የተገለበጠው መድረክ ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1983 ተቃንቶ ቆመ፤ በውስጡም የጠፉት አስከሬኖች ተፈለጉ። ሁሉም አልተገኙም። በዚያው ዓመት ከስታቫንገር ብዙ በማይርቅ ፊዮርድ ሆን ተብሎ እንዲሰጥም ተደረገ። የሟች ቤተሰቦችና የተረፉት ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም፤ በ2021 የኖርዌይ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት መንግሥት ከአደጋው በኋላ የነበረውን ክትትል የሚወቅስ ሪፖርት አወጣ። በስታቫንገር የደራሲው ሐውልት መሐል ከተማው ላይ ቆሟል። በ1986 የተተከለው የሠራተኞቹ መታሰቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በባሕሩ ዳር ነው፤ የተበጠሰ ሰንሰለት ቅርጽ አለው።