በረዶው ላይ ማን ይውጣ?

«ዋልታ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የዜና ተቋሙ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ስለ እውነተኛዎቹ ዋልታዎች፣ በምድር ጫፍና ጫፍ ስላሉት የበረዶ አገሮች ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳንጋጭ ከወዲሁ ልናገር።)

የዋልታ ጉዞ ታሪክ ስታነቡ የምታገኙት የአለቆቹን ስም ነው። ስኮት፣ አሙንድሰን፣ ሻክልተን… እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ምንም የሥራ ልምድ የሌለው ልጅ እዚያ መርከብ ላይ እንዴት ተሳፈረ? ማን መረጠው? እነማንስ ቀሩ? «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ከቦርድ ቦርድ የዞረ ተመራቂ ይህ ጥያቄ ባዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

እስቲ ከገንዘቡ እንጀምር። በ1910 ካፒቴን ሮበርት ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ሊዘምት ሲሰናዳ፣ አፕስሊ ቼሪ-ጋራርድ የሚባል የ24 ዓመት እንግሊዛዊ «እኔም ልሂድ» ብሎ አመለከተ። ልጁ ኦክስፎርድ ታሪክ የተማረ ነው፤ ስለ እንስሳት ሳይንስ የቀሰመው ትምህርት የለም፤ ያለ መነጽር ደግሞ ሩቅ ያለውን አይለይም። አይሆንም ተባለ። እሱ ግን የባለጸጋ ልጅ ነበርና 1,000 ፓውንድ ለዘመቻው ሰጠ። በመጨረሻም «የእንስሳት ሳይንስ ረዳት» ተብሎ ተወሰደ። ካፒቴን ኦትስም እንዲሁ 1,000 ፓውንድ አዋጥቶ ነው የሄደው። የኛ ሰው ቢሆን «ዘመድ አለው» ይለው ነበር፤ እዚያ ዘመዱ ፓውንድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ቼሪ-ጋራርድ የከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1911፣ ፀሐይ ጭራሽ በማትወጣበት የዋልታ ክረምት፣ ከዊልሰንና ከባወርስ ጋር ሆኖ የኢምፔረር ፔንጉዊን እንቁላል ፍለጋ ወጣ። መሄጃው ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዕቃቸውን የሚጎትቱት ራሳቸው ናቸው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰበት ቀን ነበረ፤ ከመንቀጥቀጡ ብዛት የልጁ ጥርሶች ተሰነጣጠቁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሦስት እንቁላል ይዘው ተመለሱ። («ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ እነዚህስ በሰው እግር ነው የሄዱት።) እንቁላሎቹ በ1913 ለንደን ላለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተሰጡ። ዝርዝር ጥናታቸው ታትሞ የወጣው በ1934 ነው፤ ያኔ ደግሞ እንቁላሎቹ የተፈለጉበት ንድፈ ሐሳብ፣ ፅንስ ሲያድግ የዘሩን የዝግመተ ለውጥ ታሪክ ይደግማል የሚለው፣ ዋጋው ወርዶ ነበር።

ሁለተኛው በር ዝና ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘመቻዎቹ ገንዘብ የሚያገኙት በጋዜጣና በሕዝብ ስሜት ነበርና አንድ ታዳጊ ልጅ መርከቡ ላይ ማሳፈር ጥሩ ማስታወቂያ ሆነ። በ1921 ሻክልተን ለመጨረሻ ጉዞው ከቦይ ስካውቶች መካከል አወዳድሮ ሁለት ልጆች መረጠ። አንደኛው ባሕሩ አሞት ገና ከማዴራ ደሴት ተመለሰ። ሁለተኛው ጄምስ ማር የሚባል የ18 ዓመት ስኮትላንዳዊ ነው። ሻክልተን በጥር 1922 ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ላይ ሲሞት ማር ከቡድኑ ጋር ነበር። በጋዜጣ ውድድር የገባው ይህ ልጅ በኋላ የባሕር ሕይወት ሳይንቲስት ሆኖ ስለ ክሪል (ዓሣ ነባሪዎች ስለሚመገቡት ትንሽዬ የባሕር ፍጥረት) ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በ1943 ደግሞ እንግሊዝ በምስጢር ወደ አንታርክቲካ የላከችውን ቡድን የመራው እሱ ነው። ዛሬ የብሪታንያ የአንታርክቲካ ምርምር ተቋም የሚባለው ከዚያ ቡድን የበቀለ ነው።

አሜሪካኖቹም ዘዴዋን ኮረጁ። በ1928 አድሚራል ሪቻርድ በርድ ከቦይ ስካውቶች አወዳድሮ ፖል ሳይፕልን ወሰደ፤ ዕድሜው 19። በረዶው ላይ ውሻ መገበ፣ የፔንጉዊንና የሲል ቆዳ ለሙዚየም አዘጋጀ። ግን አንዴ ገብቷልና አልወጣም። ብርድና ነፋስ ተደምረው ሰውን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዙ የሚነግረን ስሌት የሱ ሥራ ነው። ከባልደረባው ከቻርለስ ፓሴል ጋር አንታርክቲካ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሰቅለው ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በመቁጠር ነው ያገኙት። በ1957፣ ደቡብ ዋልታ ላይ በተሠራው ጣቢያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከርም፣ የሳይንስ መሪው ሳይፕል ነበር።

አሁን ወደኛ የሚያመጣን ሰው ጋ ደረስን። በዚያው በበርድ የ1928 ዘመቻ ውስጥ ሎይድ በርክነር የሚባል የ23 ዓመት የሬዲዮ መሐንዲስ ነበረ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመት ያለፈው ነው። ይህን ሰው ያዙልኝና ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። አገሮች ባንዲራ ለመትከል ከመሽቀዳደም ተባብረው በአንድ ጊዜ ቢለኩ ይሻላል የሚለው ሐሳብ የኦስትሪያው የባሕር ኃይል መኮንን የካርል ቫይፕረኽት ነው። በዚህ ሐሳብ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት በ1882–83፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1932–33 ተካሄዱ። (ቫይፕረኽት ራሱ ሳያየው በ1881 ሞቷል።) ሦስተኛው ሃምሳ ዓመት ሊጠብቅ ነበር። በሚያዝያ 1950 ግን ሜሪላንድ ውስጥ በፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቫን አለን ቤት እራት ላይ «ለምን ሃያ አምስት ዓመት ላይ አናደርገውም?» ያለው በርክነር ነው፤ ያ የ1928ቱ የሬዲዮ ልጅ።

ሐሳቡ ከዋልታ አልፎ መላውን ምድር ያዘና ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተባለ። ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ዘለቀ። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ ያቋቋሙትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። ለምን አዲስ አበባ? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኛ በኩል ያልፋል፤ ከራሳችን በላይ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በቀን የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ዋልታው ላይ በሰማይ ቀለም የሚጫወተውን ብርሃን ለመረዳት ወገቡ ላይም መለካት ግድ ነው። የ1961ዱ የካራቆሬ እና የ1969ኙ የሰርዶ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ይህ ጣቢያ ነው ያጠናው። ዛሬም አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ጋዜጠኛው ስልክ የሚመታው የዚያ ጣቢያ ወራሽ ወደሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ በ23 ዓመቱ መርከብ ላይ ቦታ ማግኘቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ግን እስካሁን የጠራኋቸውን ልጆች ስም እስቲ አንድ በአንድ ቁጠሩልኝ። ሴት አለች? ስካውቶቹ «ቦይ» ስካውት ናቸው፤ ከስሙ ጀምሮ ተዘግቷል። በ1914 ሦስት እንግሊዛውያት ለሻክልተን ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ጤነኞች ነን፣ ችግር እንችላለን፣ የሴት ልብስ ካስቸገረ የወንድ እንለብሳለን ብለው። መልሱ ባጭሩ ለሴት ክፍት ቦታ የለም የሚል ነበር። ሶቪየቶች ማሪያ ክሌኖቫን በ1956 ወደ አንታርክቲካ ቢወስዱም፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 1969 ድረስ ሴት ተመራማሪ በረዶው ላይ አላጓጉዝም ብሎ ጸንቶ ነበር። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። አስቡት፣ የአንድ አህጉር ሳይንስ በሽንት ቤት ሲታገድ!

በሩን የከፈተችው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ጂኦኬሚስት ሎይስ ጆንስ ናት። ከእሷ ጋር የሄዱት ሦስቱም ሴቶች ናቸው፤ የነፍሳት ተመራማሪዋ ኬይ ሊንድሲ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዋ አይሊን ማክሴቪኒ፣ እና ገና የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያልጨረሰችው የኬሚስትሪ ተማሪ ቴሪ ቲክሂል። ራይት ሸለቆ በሚባለው በረዶ አልባ ደረቅ ሸለቆ ድንኳን ተክለው፣ ድንጋይና ውሃ እየሰበሰቡ ሠሩ። ኅዳር 12 ቀን 1969 ደግሞ ስድስት ሴቶች በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ዋልታ ተወሰዱ። እነዚህ አራቱ፣ የኒውዚላንዷ ባዮሎጂስት ፓም ያንግ፣ እና (ይቺን የሙያ ባልደረባዬን ሳልጠራ አላልፍም) የዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ ጋዜጠኛ ጂን ፒርሰን። «የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ» የሚል ክርክር እንዳይነሳ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እኩል ረገጡ። እንግሊዞቹ ደግሞ ጭራሽ ቆዩ፤ ሴት ሳይንቲስታቸው ጃኔት ቶምሰን አህጉሩ ላይ የመስክ ሥራ የሠራችው በ1983 ነው።

ቀጣዩ ለውጥ የመጣው እኛ ሚሊኒየማችንን ስናከብር ነው። ከመጋቢት 2007 እስከ መጋቢት 2009 አዲስ የዋልታ ዓመት ሲካሄድ ተማሪዎችና ጀማሪ ተመራማሪዎች «ምረጡን» ብለው አልጠበቁም፤ ራሳቸው ተደራጁ። ዛሬ ኤፔክስ የሚባለው የጀማሪ የዋልታ ሳይንቲስቶች ማኅበር ያኔ የተወለደ ነው። አባልነቱ በነጻ ነው፤ የአንጋፎችን ምክር፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠናና የሥራ ጥቆማ ያገኙበታል። ከየትም አገር መግባት ይቻላል።

ሁሉም በር እንዲህ ወለል ብሏል ማለቴ ግን አይደለም። የአንታርክቲካ ምርምር ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለወጣቶች የሚሰጠው ፌሎሺፕ ለአባል አገሮች ተመራማሪዎች ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። በ1959 የአንታርክቲካን ስምምነት ከፈረሙት 12 አገሮች ውስጥ ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ የራሷ ጣቢያና መርከብ ስላላት ተማሪዎቿን ትወስዳለች። የኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ በረዶው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ መግባት አለበት። ማንም በነጻ የሚያወርደው የሳተላይት መረጃ ግን የአገር አባልነት አይጠይቅም፤ የበረዶውን መቅለጥ ከአራት ኪሎ ሆኖ መቁጠር ይቻላል፤ መብራትና ኔትወርክ ከፈቀዱ ማለቴ ነው።

አምስተኛው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ለ2032–33 ተቀጥሯል። በእኛ አቆጣጠር በ2001 የተወለደ ልጅ ያን ጊዜ በርክነር መርከብ ላይ በወጣበት ዕድሜ ላይ ይሆናል።